ስኳር አለ? የካርድ ክፍሏ እትዬ ብዙወርቅ

«ማነው ውሸታም? እኔ ነኝ ውሸታም? አንቺ ጠየቅሽ፣ እኔ መለሰ! ስኳር አለ? አልሽ። የለም አልኩ። ነበረ እንዴ? ቀበሌ ሦስት ወር ሙሉ አልሰጠም! ከየት ይመጣል ስኳር? ከሰማይ ይዘንባል?»

እንዲህ የሚጮኸው ዶላሞ ነው፣ ከገዘር የመጣ ገበሬ፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት ግማሽ ገላውን አስገብቶ። ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። አማርኛዋን እንደፈለገ ይነዳታል፣ ሴቱን ወንድ ወንዱን ሴት ያደርጋል፣ የሚለው ነገር ግን አንዲትም አትጠፋበትም።

ከመስኮቱ ወዲያ ወይዘሮ ብዙወርቅ ቆማለች፤ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ፣ እጇ ወገቧ ላይ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የሸማቾች ሱቅ ነኝ? እዚህ ድረስ ስትመጣ ስለ ሻይ ስኳር የምጠይቅህ ምን ቆርጦኝ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አንቺ መንግሥት ነሽ። መንግሥት ስኳር አለ ካለ፣ ሊሰጥ ነው ብዬ ነዋ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ሕፃን ያዘለችው ሳቀች፣ በክራንች የቆመው ሳቀ፣ ዘበኛውም ከበሩ ጋ ሳቀ። ብዙወርቅም ሳቀች፤ ሳቅ መቼ አጥታ። ዶላሞ ግን አልሳቀም። ጫፉ የተላጠ ካርድ መስኮቷ ላይ አኖረ።

«ሳቂ። ሆስፒታል ያለው ዶክተር አልሳቀም። የአልማዝ እግር ጠቁሯል። አውራ ጣቷን ሊቆርጡ ነው። ስኳር ነው አለ፤ ብዙ ዓመት የቆየ ስኳር። ካርዱን አየ፣ እዚህ የለም ይላል አለ። ማነው የጻፈው አለኝ። ሚስቴ አጠገብ ቆሜ፣ ማነው የጻፈው አለኝ!»

ብዙወርቅ መነጽሯን አደረገች። ካርዱ የአልማዝ ነው፣ የዶላሞ ሚስት። ቀኑ የ2010 ኅዳር። ማኅተሙ ሥር፣ ስኳር ከሚለው ፊት ለፊት፣ ጅራቷ ረዘም ያለች «የ» አለች፤ «የለም»። እንደዛ «የ» የሚጽፍ በጂንካ ከተማ አንድ ሰው ነው።

«ማዘር፣ ምንድን ነው የሚሉት ሰውየው?» አለች ከኋላዋ ናርዶስ። ናርዶስ ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት የመጣች ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ላይ ያደረገችውን ነገር አውልቃ፣ ታብሌቷን ጭኗ ላይ ይዛ።

«ስኳር ተወደደ ነው የሚለው፣ ልጄ» አለች ብዙወርቅ።

ውሸቷ እንደዛ ፈጥና ትወጣለች ብላ ራሷም አላሰበችም።

ብዙወርቅ ካርድ ክፍል የገባችው በ1976 ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም፤ አባቷ ቢሮ የማያውቁት ሰው አልነበረምና አስገቧት። ያን ጊዜ የጤና ጣቢያው ካርድ በሁለት ካርቶን ይያዝ ነበር። አሁን ከወለል እስከ ኮርኒስ ነው፣ ክረምት ሲሆን ጣሪያው ስለሚያፈስ የላይኛው ረድፍ ላይ ላስቲክ ይደረግበታል። ባሏ ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ወይጦ ጭኖ ሄደ፣ መኪናዋ ተመለሰች፣ እሱ አልተመለሰም። ሴት ናት ይባላል፤ ሁለት ናቸው የሚሉም አሉ። ካርዱ እስካሁን ቦታው ላይ ነው፣ ማንም አያነሳውም፣ እሷም አላነሳችውም።

ሰው ደግሞ እዚህ አገር አንድ ስም አይበቃውም። ቤት የሚጠራበት ሌላ፣ ቸርች የተሰጠው ሌላ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገበው ሌላ። ካርዱን በየትኛው እንዳስወጣ ይረሳና መስኮቷ ጋ መጥቶ ይገተራል። እሷ ፊቱን ታያለች። «አንተ የኩላሊቱ አይደለህ? ባለፈው ሌላ ስም ብለህ ነበር፣ ዛሬ ማን ነኝ ልትል ነው?» ትለዋለች፣ እጇ ሳታይ ካርዱን ትስበዋለች። አዲስ ሐኪም ሲመጣ የመጀመሪያው ምክር፣ ከብዙወርቅ ጋር እንዳትጣላ ነው።

ነገሩን ያመጣው ማኅተም ነው። በ2004 ከላይ መጣ፤ ባለ ሦስት መስመር። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፤ ፊት ለፊታቸው አለ ወይም የለም። ከማኅተሙ ጋር ወረቀት ነበር፣ ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጠይቅ ይላል፤ «የስኳር ሕመም እንዳለብዎ በሐኪም ተነግሮዎት ያውቃል?»

ጥሩ። ቅዳሜ ግን የገበያ ቀን ነው። ሰልፉ ከመስኮቷ ተነስቶ በሩን አልፎ መንገድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱ እንዳለው ጠየቀች። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሕመም ከሌለኝ ምን ልሠራ መጣሁ?» አላት። ሁለተኛው ሳምንት «የስኳር ሕመም አለ?» ሆነ። ሦስተኛው ሳምንት «ስኳር አለ?»፣ «ግፊት አለ?»፣ «ልብ አለ?»

መልሱን ነበር መስማት! ስኳር አለ? ስትል፣ «የለም እትዬ፣ ዘይቱም የለም!» ግፊት አለ? ስትል፣ «ኧረ አለ፣ ይሄ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ እየገፋኝ ነው!» ልብ አለ? ስትል ደግሞ አንዷ ኮረዳ አንገቷን ደፍታ፣ «ነበረኝ፣ ሰው ወሰደው።» ብዙወርቅ ማታ ለጎረቤት ይህን እየደገመች በሳቅ ትገድል ነበር፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እያወጣች። ካርዱ ላይ ግን የምትጽፈው ለሁሉም አንድ ነው። የለም፣ የለም፣ የለም። ሰልፉ ይሄዳል፣ እጇ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት።

እሷ ቀልድ ነው ብላ የተወችው ነገር ታዲያ ሲሰበሰብ ሲሰበሰብ ዳታ ሆኖ ቁጭ አለ።

ናርዶስ የመጣችው ለሱ ነው። ስለ ልብ፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕፃናት ውፍረት ነው ጥናቷ፤ ከሰው አትጠይቅም፣ ከካርድ ነው የምትገለብጠው። ስም አትገለብጥም፤ ቁጥር ብቻ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ቅን ናት፣ አማርኛዋ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። «ማዘር፣ አክቹዋሊ ዳታችሁ በጣም ክሊን ነው! ሌላ ቦታ እኮ ባዶ ነው የሚተዉት፤ እናንተ ጋ አንድም ባዶ የለም!» ትላለች። ብዙወርቅ ደስ ብሏት ሻይ ገዝታላታለች።

«ውጤቱን ደግሞ ቢያዩት ማዘር! ከመቶ አንድ ሰው እንኳን ስኳር የለበትም። እንሰቱ ነው፣ ጎመኑ ነው፣ በእግር መሄዱ ነው መሰለኝ። ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ።»

ያን ሰኞ፣ ዶላሞ ጮሆ ከሄደ በኋላ፣ ብዙወርቅ ስለ ሁለቱ ገጽ አሰበች። የጻፈውን ያመነ ሰው ያስፈራል።

ከምሳ መልስ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀብታሙ ገባ። ሀብታሙ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው የሚመስለው፤ ሁለት ሰው ፊት እንኳን «ውድ ተሳታፊዎች» ሊል ይቃጣዋል።

«እትዬ ብዙ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ካንቺ ካርድ የተገኘው ግኝት ዓርብ ይቀርባል። ከግኝቱ በመነሳት፣ ማለትም በመረጃ ላይ ተመሥርተን፣ የስኳር መድኃኒቱንና ፍሪጁን ፍላጎት ወዳለበት ወረዳ እናዛውራለን። እኛ ጋ እኮ ስኳር የለም!» ሳቀ። «ስኳር ወዳለበት ይሂዳ!»

«የሚወስዱትስ ሰዎች?» አለች።

«ስንት ናቸው? አሥራ ዘጠኝ። ሆስፒታል ይሂዱ። ፍሪጅ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አይቆምም።»

ጡረታዋ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀርቶታል። የመንግሥት ሰነድ ላይ ያልተጠየቀ ነገር ጽፌ ነበር ማለት ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች፤ የፋርማሲው ልጅ ለስንት ትንሽ ነገር ነው የተባረረው። ዝም ልበል አለች። ዓርብ ገና ነው፤ ያልፋል።

ማክሰኞ ጠዋት ናርዶስ የሕፃናቱን ካርድ ጀመረች። ቁጥር ትጠራለች፣ ብዙወርቅ ታወጣላታለች። ናርዶስ እያነበበች ታብሌቷ ላይ ታስገባለች።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት። ሴት። አሥራ አንድ ዓመት። ዋው፣ ይቺ ልጅ አምና ስድሳ አንድ ኪሎ ነበረች! ይሄ በጣም ውፍረት ነው ማዘር።»

ብዙወርቅ እጇ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ስም ባይጠራም ቁጥሩን ታውቀዋለች። ትህትና ናት፣ የልጇ የሰናይት ልጅ፤ ሰናይት ዲመካ ቢሮ ስትቀጠር ለአያቷ የተወቻት።

«ውፍረት አይባልም፣ ድንቡሽ ማለት ነው» አለች ብዙወርቅ። ሰፈሩ ሁሉ ድንቡሼ ነው የሚላት። ሰርግ ቤት ፊት ያስቀምጧታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየሱቁ ጉንጯን ቆንጥጠው አንድ ከረሜላ፣ ግማሽ ለስላሳ፣ የተረፈ ኬክ ይሰጧታል፤ ባለሱቅ ሳትቀምስ ካለፈች ይቀየማል። ብዙወርቅም በልጅቷ ክብደት ውስጥ የራሷን መልካም ስም ታይ ነበር፤ ባልም ልጅም ርቀዋት ያሳደገቻት ልጅ እንዲህ ሞልታ።

«ደስ የሚለው ግን ቀንሳለች» አለች ናርዶስ። «ከሦስት ሳምንት በፊት አርባ ስምንት። ድካም ብላ መጥታ ነበር። ስኳር የለም ስለሚል ነርሷ የትል መድኃኒትና ቫይታሚን ሰጥታታለች። ጎበዝ፣ እየቀነሰች ነው!»

አሥራ ሦስት ኪሎ።

ሰፈሩ «አማረባት፣ ቁመት እየጣለች ነው» ብሏል። አስተማሪዋ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብዙወርቅን ጠርታ፣ «ልጅቷ በየሰዓቱ አስፈቅዳ ነው የምትወጣው፣ ሽንት ቤት ነው የምትውለው፣ ውኃ ሦስት ኮዳ ትጨርሳለች፣ ቀበጥ ናት» ብላለች። ብዙወርቅ ልጅቷን ተቆጥታ ነበር። ኮዳዋን ወስዳባት ነበር።

ካርዱን ከናርዶስ እጅ ተቀብላ አየችው። ስኳር፤ የለም። ባለረጅም ጅራት «የ»። ይህን የጻፈችው ትህትና ለትምህርት ቤት ወረቀት ሲያስፈልጋት ነው፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ማንንም ሳትጠይቅ። የገዛ ልጄን አላውቃትም እንዴ ብላ ነው። መስኮት የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ዶላሞ የለ።

ከሥራ ስትወጣ ሰማዩ ከማጎ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ ዝናብ ግን አልመጣም። ቤት ስትገባ ትህትና ደጃፉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«እማ፣ ኮዳዬን መልሺልኝ።»

ብዙወርቅ ኮዳዋን ሰጠቻት፤ ስትጠጣ አየቻት። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፣ ዓይኗን ሳትከድን፣ እንደ ተሳደደ ሰው። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደች። ልጅቷ ሽንት ቤቱ ሩቅ ሲሆንባት ከሙዙ ሥር ትቀመጣለች። ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ ብዙወርቅ ሄዳ ጎንበስ ብላ አየች።

ጉንዳን ነበር። አንድ ሁለት አይደለም። ከአጥሩ ሥር ተነስቶ፣ ጥቁር ክር ሆኖ፣ ሙዙን ዞሮ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ገብቶ ይርመሰመሳል። ሌላ መስመር ደግሞ ከጎረቤት ግቢ እየመጣ ነው። ሥራ ስትጀምር አንድ የድሮ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበር፣ ማሽን ባልነበረበት ዘመን፤ በሽተኛውን «ሽንትህን ጉንዳን ይወደዋል?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ያኔም ድምፁን እያስመሰለች ስቃበታለች።

ረቡዕ ትህትናን እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ አመጣቻት። የላቦራቶሪው ልጅ ወንድሙ ይባላል፣ የተቀጠረው ገና ዘንድሮ ነው። አንገቱን ነቀነቀ።

«የስኳር መለኪያ ወረቀቱ አልቋል እትዬ። ለዓመቱ አንድ ፓኬት ነው የመጣልን።»

«ለምን አንድ?»

«ጥያቄው የሚላከው በካርዱ ቁጥር ነዋ። ካርዱ ስኳር የለም ስለሚል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ብዙወርቅ ትጮህበት ነበር። የምትጮህበት ሰው አጣች።

አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ያለ የግል ክሊኒክ ሄዱ። ትህትና ሜዳውን አቋርጣ መሄድ አልቻለችም፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች፤ እዚያ የሚግጡት ላሞች ቀና ብለው ያይዋታል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጣቷን ወጋቻት፣ ደሙን ማሽኗ ላይ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት አለ?» አለች ብዙወርቅ።

«ሃይ ነው የሚለው።»

ትህትና ፈገግ አለች፤ በዚያ በደረቀ ከንፈሯ። «ማሽኑ ሃይ አለኝ? ሰላም አለኝ?»

የክሊኒኩ ልጅ አልሳቀችም። ብዙወርቅን ወደ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሃይ ማለት ማሽኑ መቁጠር አቅቶታል ማለት ነው፤ ከሚያውቀው ቁጥር በላይ ሲሆን እንደዛ ይላል። «አፏን አሽትቷት እስቲ» አለቻት። ብዙወርቅ አጎንብሳ አሸተተች። የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ ጣፋጭ የበሰበሰ ፍሬ። «ባጃጅ ጥሩ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል። ምግብ ምናምን እንዳትሉ፣ አሁኑኑ።»

ባጃጁ ላይ ትህትና ራሷን ደረቷ ላይ ጣለች። ሲያስታቅፏት ስትከብድ የኖረች ልጅ፣ ያን ቀን ቀላል ነበረች። ብዙወርቅን ያስፈራት እሱ ነው፤ ቀላልነቷ።

ሆስፒታል አስተኟት፣ ግሉኮስ አይደለም ሌላ ፈሳሽ ተከሉላት፣ ኢንሱሊን ጀመሩላት። ሐኪሙ በየሰዓቱ ይመጣል። «ስኳር እንዳለባት ከዚህ በፊት ተጠይቃ ታውቃለች?» አላት።

ብዙወርቅ የልጅቷን ብርድ ልብስ ሳበችላት።

«ከዳነች፣» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «በየቀኑ መርፌ ያስፈልጋታል፤ ዕድሜ ልክ። ቤታችሁ ፍሪጅ አለ?»

«የለም» አለች።

«ችግር የለውም፤ አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ፍሪጅ አለው። እዚያ ይቀመጥላታል።»

ሐሙስ ሰናይት ከዲመካ ደረሰች፣ አቧራ ለብሳ። እናቷን አቅፋ አላለቀሰችም፤ ልጇን አይታ፣ «ምን አድርጋችሁባት ነው?» ብቻ አለች። ብዙወርቅ ስሚኝ አላለችም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከአጠገቧ ሰው ነበር፤ ዶላሞ። የአልማዝ ጣት ጠዋት ተቆርጧል።

ተያዩ። ሰኞ የተሰዳደቡ ሰዎች ናቸው።

«ያንቺ ማነው?» አላት።

«የልጄ ልጅ። ስኳር።»

«የሷን ካርድ ማነው የጻፈው?» አለ ዶላሞ፤ እንደ ስድብ አይደለም፣ እንደ ጥያቄ።

«እኔ።»

«እሷንስ ጠየቅሽ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«እኛንም አልጠየቅሽንም» አለ ዶላሞ። ከዚያ ከኪሱ ቆሎ አወጣ፣ ግማሹን እጇ ላይ አፈሰሰላት።

ዓርብ አዳራሹ ሞልቷል። ከየወረዳው የመጡ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ሻይ። ናርዶስ ግድግዳው ላይ ሥዕል አብርታለች፤ አረንጓዴ ነው ሁሉም፣ ቀይ የሚባል የለበትም። «ይህ አካባቢ ልዩ ነው» እያለች ነው። በር ላይ ፒክአፑ ቆሟል፣ ፍሪጁ በገመድ ታስሮ ተጭኖበታል። መድኃኒቱስ? መድኃኒቱ ሐሙስ ዕለት በበረዶ ሳጥን ቀድሞ ሄዷል።

ብዙወርቅ ከኋላ ተነሳች። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ የተጨማደደ ነጠላዋን ሳትለውጥ ነው የመጣችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ» አለ ሀብታሙ። ሰው ፊት እትዬ አይላትም።

«አጭር ናት። ላንተ ነው አቶ ሀብታሙ። ስኳር አለ?»

ሀብታሙ ሻዩን ይዞ ነበር። ጠረጴዛውን አየና፣ «አለ፣ እዚያ ጋ» ብሎ በጣቱ የስኳሩን ዕቃ አሳያት።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ብዙወርቅ ጠበቀቻቸው እስኪያበቁ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሰውን የጠየቅኩት እንደዚህ ነው» አለች። «መልሱም እንዳንተ ነው። ቀበሌ ስኳር በሰጠ ሳምንት አለ፣ ባልሰጠ ሳምንት የለም። እኔ ደግሞ አለ ያለውንም የለም ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ቀልድ ነው ብዬ። ያ አረንጓዴ የሰው ጤና አይደለም። የኔ እጅ ጽሕፈት ነው።»

የናርዶስ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ስንቱ ነው ማዘር? የተወሰነ ካርድ ነው አይደል?»

«ሁሉም።»

«ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ የሚናገሩትን ያውቁታል? ይህ በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው!» ሀብታሙ ድምፁ ተሰነጠቀ።

«አውቃለሁ። የልጄ ልጅ ሆስፒታል ተኝታለች፣ በኔ የለም ምክንያት ነርሷ የትል መድኃኒት ሰጥታት። የአልማዝ ጣት ትናንት ተቆርጧል። ፍሪጁን አውርዱት። ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ግድግዳው ላይ አረንጓዴው እንደበራ ነው። ናርዶስ ናት መጀመሪያ የተነቃነቀችው፤ ኮምፒውተሯን ከደነችው። «አላቀርበውም» አለች። ሁለት ገጿን ይዛ ወጥታ ፒክአፑ ፊት ቆመች፤ ሹፌሩ ሞተሩን እስኪያጠፋ።

ፍሪጁ ወረደ። ቦታው ተመለሰ፣ ተሰካ። መብራት የለም። እስከ እሑድ አልመጣም። መድኃኒቱም ይመለሳል ተብሏል፤ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው።

ለብዙወርቅም ደብዳቤ እየተጻፈላት ነው ይባላል። እስኪደርስ ድረስ ግን ማንም ከካርድ ክፍሉ አላስወጣትም፤ እሷ ከሌለች ካርድ የሚያገኝ የለማ። አሁን ሥራዋ ሌላ ነው። «የለም»ን በአንድ መስመር ትሰርዝና ከጎኑ «አልተጠየቀም» ብላ ትጽፋለች። ናርዶስ ከጎኗ ትመዘግበዋለች፤ ታብሌቷ ለዚህ መልስ ቦታ ስላልነበረው አዲስ ሠርታለታለች። ስለ እንሰቱ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሰኞ ዶላሞ በሚኒባስ አሥራ አራት ሰው ይዞ ከገዘር መጣ። ራሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ በቋንቋቸው በአሪኛ ጠየቀላት። ብዙወርቅ ጥያቄው ረዘም እንዳለ አየች፤ ሰዎቹም አልሳቁም፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ብለህ ነው የምትጠይቃቸው?»

«ጉንዳን። ሽንትህን ጉንዳን ይከተላል ወይ ብዬ ነው።»

ከአሥራ አራቱ አምስቱ እጃቸውን አወጡ። አንዱ ሽማግሌ ሁለቱንም እጅ አወጣ፤ ዶላሞ ተርጉሞ፣ «የሚስቱንም ጨምሮ ነው፣ እሷ መሄድ አትችልም» አለ። ናርዶስ ከገዛ ኪሷ የገዛችው የመለኪያ ወረቀት ሠላሳ ነበር። ከምሳ በፊት አለቀ። ከበሩ ውጪ ሌላ ሚኒባስ ቆሞ ሰው እያወረደ ነበር።

የታችኛው መደርደሪያ ግን አለ። የሞቱት ሰዎች ካርድ ነው፣ በቃጫ ታስሮ። ብዙወርቅ ዛሬ ፈታችው። እያንዳንዱን ታነሳለች፣ ድምፁን ታስታውሰዋለች። «የለም እትዬ፣ ዘይቱም የለም» ያለው ይሄ ነው፤ ምች መታው ተብሎ በስምንት ቀን የሞተው። ይቺ ልቧን ሰው የወሰደባት ኮረዳ ናት፤ ከወለደች በኋላ ደረቷን ይዛ ወደቀች፣ ድንገት ነው ተባለ። ይሄ እግሩ ቆስሎ፣ ቁስሉ አልድን ብሎ። ይሄም እግሩ። ይቺም። አጠገቧ ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ወሬ የማያመልጣት፣ ድሮ ብዙወርቅ እነዚህን ድምፆች ስታስመስል በሳቅ የፈረሰችው፣ የምትናገረውን ሁሉ ትጽፋለች። ብዙወርቅም ዛሬ ድምፃቸውን ታወጣላታለች፣ አንድ በአንድ። እስክሪብቶዋን አንስታ «አልተጠየቀም» ልትጽፍ ትልና፣ የሞተ ሰው ካርድ ላይ ይህን መጻፍ ይቻል እንደሆነ አታውቅም፤ ትቆማለች።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሰናይት ናት፣ ትህትና ከተኛችበት ሆስፒታል። ሰናይት ከመጣች ጀምሮ ለእናቷ አንድ ቀን ደውላ አታውቅም።

ስልኩ ይጠራል። ብዙወርቅ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ደብተሩ ላይ ያለውን የጎረቤቷን እጅ በእጇ ያዘችው።

«ተይ» አለች። «አሁን አትጻፊ። በቃ፣ አትጻፊ አልኩሽ!»